የስፌት መኪናዬ አስቸገረችኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስፌት የሚያስተምር ሰው ስልኩ አያርፍም። አንዷ የተበላሸ ስፌት ፎቶ አንስታ ትልካለች። ሌላው መኪናውን እያስጮኸ በስልክ ያሰማኛል፤ "ይሄ ድምፅ ጤነኛ ነው?" ይለኛል። ሰዉ ይለያያል እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰበሰብኩት። እዚህ የማወራው ከላይና ከታች በሁለት ክር ስለምትሰፋው መኪና ነው። የእግር ሲንጀር ትሁን፣ የቤት ኤሌክትሪክ ትሁን፣ የፋብሪካ ትሁን፣ አሰፋፏ አንድ ነው። ኦቨርሎክ፣ የጨርቅ ጠርዝ የምትጠልፈዋ መኪና፣ ሌላ ፍጥረት ስለሆነች ለጊዜው ትቆየን።

ስፌቱ ሲበላሽ መጀመሪያ ምኑን ልንካ?

መጀመሪያ ካቻቪቴውን አስቀምጡት። ከዚያ መርፌ ቀይሩ። ቀጥሎ የላይኛውን ክር ከነአካቴው አውጥታችሁ እንደ አዲስ አስገቡ። ቦቢኑንም፣ የታችኛው ክር የተጠቀለለበትን፣ አውጡና ሥሩ የተጠራቀመውን ብናኝ ጥረጉ፤ መልሱት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተስተካከለ ብቻ የክር ማጥበቂያውን ንኩ። መርፌ በትንሽ ገንዘብ ይገዛል፣ ክር መልሶ ማስገባት ምንም አያስከፍልም። ብሎን የፈታ ሰው ግን ብሎኑ የነበረበትን ቦታ መልሶ ላያገኘው ይችላል።

እኔ ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ስፌት በጀመርኩ ሰሞን ለማግስቱ የሚደርስ የሚዜ ቀሚስ ይዤ መኪናዋ ስፌት መዝለል ጀመረች። ሌሊቱን ብሎን ሳጠብቅ ሳላላ አነጋሁ። ጠዋት አስተማሪዬ መጡ። መርፌዋን በጣታቸው ዳሰሱ፣ አወጧት፣ አዙረው መለሷት። ሰፋች። ግማሽ ቀን የፈጀባቸው እኔ ሌሊቱን የነካካኋቸውን ብሎኖች ወደ ቦታቸው መመለስ ነበር።

ሁለቱ ክሮች እንዴት ነው የሚያያዙት?

ይህን የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው። ግን አንዴ በዓይኑ ያየው ሰው ሌሎቹን ጥያቄዎች ብዙም አይጠይቀኝም። እስቲ አሁኑኑ ሞክሩት። የኤሌክትሪክ ከሆነች ሶኬቱን ንቀሉ። የቦቢኑ በኩል ያለውን ክዳን ክፈቱና በመኪናዋ ቀኝ በኩል ያለውን መዘውር በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ ቀስ እያደረጋችሁ አዙሩ።

መርፌዋ ክሯን ይዛ ትወርዳለች። መጨረሻ ደርሳ ሽቅብ መመለስ ስትጀምር ክሩ ከጀርባዋ ይላላና ትንሽ ቀለበት ይሠራል። መርፌዋ ከወረደችበት 2 ሚሊሜትር ገደማ ከፍ እንዳለች ከሥር፣ ቦቢኑ ዘንድ ያለው መንጠቆ ሹል ጫፍ መጥቶ፣ ከመርፌዋ ቀዳዳ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ያቺን ቀለበት ይይዛታል። አስፍቶ በቦቢኑ ዙሪያ ያሳልፋታል። ከዚያ ላይ ያለው ክር ሳቢ፣ ያ ከፊት ለፊታችሁ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው ክንድ፣ ክሩን ሽቅብ ይስበዋል። ሁለቱ ክሮች ጨርቁ መሃል ላይ ይቆላለፋሉ።

በቃ፣ ይኼው ነው። "ዘለለች" ማለት መንጠቆው ቀለበቷን ሳያገኛት አለፈ ማለት ነው። "ከመረች" ማለት ደግሞ ቀለበቷ ሽቅብ ሳትሳብ ታች ቀረች ማለት ነው።

ከጨርቁ ሥር ክር ይከምራል። የቦቢኑን ብሎን ባጠብቀውም አልተሻለውም።

ከምሰማው ሁሉ የበዛው ይህ ነው። ክምሩ ከታች ስለሚታይ ሁሉም የታችኛውን ክር ይወቅሳል። ጥፋተኛው ግን ላይ ነው ያለው። ካላመናችሁኝ ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ክር አድርጋችሁ ሰፍታችሁ እዩ። ሥር የተከመረው ቀዩ ነው። የላይኛው ክር የሚጨብጠው አጥቶ ዝም ብሎ እየወረደ ነው።

ለምን አልተጨበጠም? አብዛኛውን ጊዜ መጫኛ እግሯ፣ ጨርቁን ከላይ የምትጫነው፣ ወደ ታች ሆና ሳለ ክሩ ስለገባ ነው። ማጥበቂያው ውስጥ ክሩን የሚጨብጡ ሁለት ክብ ብረቶች አሉ። መጫኛ እግሯ ስትነሳ ይከፈታሉ፣ ስትወርድ ይገጥማሉ። ተገጥመው ሳለ ክር ብታስገቡ ክሩ በመሃላቸው አይገባም፣ በላያቸው ይቀመጣል። ስለዚህ እግሯን አንሱ፣ ክሩን አውጡና እንደገና አስገቡት። ከዚያ እግሯን አውርዳችሁ ክሩን ሳብ አድርጉት። አልሳብም ብሎ ያዝ ካደረገ ገብቷል። ውልቅ እያለ ከመጣ አልገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ክሩ ከክር ሳቢው ክንድ መውጣቱ ነው። በፍጥነት ስትሰፉ ይወጣል፣ ደግሞ ወዲያው አይታይም። ሲጀምር ብቻ የሚከምር ከሆነ ግን ብዙ አትጨነቁ። የሁለቱን ክሮች ጫፍ ወደ ኋላ ያዝ አድርጋችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ስፌቶች ስፉ። ይጠፋል።

ማጥበቂያው ስንት ቁጥር ላይ ይሁን?

ብዙ የቤት መኪኖች ከ0 እስከ 9 ቁጥር አላቸው፤ 4 አካባቢ ላይ ጀምሩ። ቁጥሩ ግን መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። የእናንተ 4 የጎረቤታችሁ 5 ሊሆን ይችላል።

ዳኛው ጨርቁ ነው። በዚያው ቀይና ነጭ ክር ከምትሰፉት ጨርቅ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ከታች በኩል ቀይ ነጠብጣብ ከታየ ላይኛው ላልቷል፤ ቁጥሩን ጨምሩ። ከላይ በኩል ነጭ ከታየ ላይኛው ጠብቋል፤ ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ግማሽ ቁጥር ይበቃል። ከላይም ከታችም የየራሱ ቀለም ብቻ ሲታይ ጨርሳችኋል።

የታችኛውን መነካካት አልወድም። ግዴታ ከሆነ ቦቢኑን ከነቤቱ አውጡና ክሩን ይዛችሁ አንጠልጥሉት። ይህ የሚሠራው ከመኪናዋ ወጥቶ በእጅ ለሚያዝ የብረት ቤት ነው። በራሱ እየተተረተረ ወለል ድረስ ከወረደ ላልቷል። እጃችሁን ነቅነቅ ስታደርጉትም ንቅንቅ ካላለ ጠብቋል። ነቅነቅ ሲደረግ ትንሽ ወርዶ የሚቆም ከሆነ ተዉት፣ ደህና ነው። ብሎኗን ከማዞራችሁ በፊት ስንጥቋ ወዴት እንደሚያይ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስታዞሩም ጸጉር ታህል። ከሥር ጠረጴዛ እንጂ ምንጣፍ አይሁን። ያቺ ብሎን ከወደቀች አትገኝም።

እየዘለለች ትሰፋለች። አንድ ትሰፋለች፣ ሁለት ትተዋለች።

መርፌ ነው። ከአሥር ዘጠኙ መርፌ ነው ብል አላጋነንኩም። ግን መርፌ የሚያጠፋው በአራት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ደንዝዟል ወይም ተጣሟል። ጥሩ መርፌ ለ8 ሰዓት ያህል ስፌት ነው የሚመከረው። እኛ አገር አንዷን መርፌ ለወራት እናሠራታለን። ጫፏን በጥፍራችሁ ላይ ጎተት አድርጉ፤ ከጫረች ጣሏት። መስታወት ላይ አስተኝታችሁ አንከባልሏት። ከተንቀጠቀጠች ጎብጣለች።

ሁለተኛ፣ ተገልብጣ ገብታለች። የኔ የሚዜ ቀሚስ ጣጣ ይኸው ነበር። መርፌ በአንድ ጎኗ ረጅም ቦይ አላት፤ በጥፍር ይዳሰሳል። ክር የሚገባው በዚያ በቦዩ በኩል ነው። በሌላው ጎን፣ ከቀዳዳዋ በላይ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። መንጠቆው የሚያልፈው በዚያ ነው። በአሁኖቹ የቤት መኪኖች ቦዩ ወደ እናንተ፣ ጠፍጣፋው ራስ ወደ ኋላ ይሆናል። በቀጥታ ሰፊዋ የፋብሪካ መኪና ቦዩ ወደ ግራ ነው፣ ክሩም ከግራ ወደ ቀኝ ይገባል። በአሮጌ የእግር መኪኖች ይለያያል። ግራ ከገባችሁ ከመርፌዋ አጠገብ ያለችውን የመጨረሻዋን ክር ማሳለፊያ ፈልጉ። ቦዩ እሷ ወዳለችበት ይዞራል።

ሦስተኛ፣ ዓይነቷ አይደለም። የቤት መኪና መርፌ ራሷ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው። የፋብሪካዋ ራስ ድብልብል ነው። አንዳንዴ አንዷ በሌላዋ መኪና ላይ ትገባለች፤ ትገባለች ማለት ግን ትሰፋለች ማለት አይደለም። ርዝመታቸው ስለማይመሳሰል መንጠቆው ቀለበቷን ያጣታል። ሱቅ ስትሄዱ አሮጌዋን መርፌ ይዛችሁ ሂዱ።

አራተኛ፣ ከጨርቁ ጋር አትስማማም። በሁለት ቁጥር የሚጻፈውን እዩ፦ 90/14 ማለት ውፍረቷ 0.9 ሚሊሜትር ነው። ለሽፎን 70/10፣ ለሸሚዝ 80/12፣ ለጂንስ 100/16 ጥሩ መነሻ ነው። ቲሸርትና ሹራብ ላይ የምትዘል ከሆነ ቁጥሩን አትቀያይሩ፤ ጫፏ ክብ የሆነች መርፌ ግዙ። ሹሏ መርፌ የሚለጠጠውን ጨርቅ ትወጋዋለች። ክቧ ግን በክሮቹ መሃል ገለል አድርጋ ታልፋለች።

እነዚህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም ከዘለለች፣ የመርፌዋና የመንጠቆው ጊዜ አልገጠመም ማለት ነው። እሱ የጠጋኝ ሥራ ነው።

የላይኛው ክር ይበጠሳል።

የተበጠሰውን ጫፍ ተመልከቱት። እንደ ፀጉር ተበታትኖ ከሆነ ክሩ እየተፋቀ ነው። ወይ መርፌዋ ለክሩ ቀጥናለች፣ ወይ መንገድ ላይ የሻከረ ነገር አለ። መርፌዋን ከመኪናዋ አውጥታችሁ አንድ ስንዝር ክር አሳልፉባት፣ ክሩን አዘቅዝቃችሁ ወጥሩት። መርፌዋ ያለምንም ችግር ተንሸራትታ ከወረደች ይስማማሉ። ከተጣበቀች ወፍራም ቁጥር ያስፈልጋችኋል።

በምላጭ እንደተቆረጠ ከሆነ መርፌዋ የምትገባበትን የብረት ቀዳዳ ዳሱ። መርፌ ተሰብራ የምታውቅ ከሆነ ቀዳዳውን ቦጭራው ሊሆን ይችላል። በጣም የላመ ብርጭቆ ወረቀት እንደ ገመድ ጠቅልላችሁ በቀዳዳው አሳልፉና ፈትጉት።

ከዚህ ሌላ ራሱን ክሩን ጠርጥሩ። መስኮት አጠገብ ፀሐይ የመታው፣ ከእናት የተወረሰ የጥጥ ክር ያምራል እንጂ አይሰፋም። በእጅ ሳብ ሲደረግ ጥቅ ካለ ለጥልፍ መለማመጃ አድርጉት። በትልቅ ጥቅል የሚሸጠውን ባለ 40/2 ክር (ቁጥሩ የክሩን ውፍረት ይነግራል) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ከመኪናዋ ኋላ አቁሙትና ክሩ ቀጥታ ወደ ላይ ተስቦ ይምጣ። አግድም ተጋድሞ የሚሽከረከር ትልቅ ክር እያነቀ ይበጥሳል። ማቆሚያ ከሌላችሁ ከባድ ኩባያ ውስጥ ከትታችሁ መሬት አስቀምጡት። እኔ ለዓመታት የሠራሁት በዚያ ነው።

የእግር መኪናዬ ስጀምር ወደ ኋላ ትዞርና ክሩን ትበጥሳለች።

እግራችሁ ገና አልለመደም እንጂ መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ፔዳሉ መዘውሩን ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም። አቅጣጫ የሚሰጠው እጃችሁ ነው። ቀኝ እጃችሁን መዘውሩ ላይ አድርጉና ወደ ራሳችሁ ግፋ አድርጉት፤ እግራችሁ ይከተል። ስታቆሙም በእጃችሁ አቁሙ። ለልምምድ ክሩን አውጡ፣ መጫኛ እግሯን አንሱና ሬዲዮ እያዳመጣችሁ ዝም ብላችሁ ንዱ። ሁለት ቀን ይበቃል።

መዘውሩ እየዞረ መርፌዋ ካልተንቀሳቀሰች፣ ቦቢን ስታጠነጥኑ ያላላችሁትን የመሃል ቁልፍ ሳታጠብቁት ቀርታችኋል። ቺንጋው፣ መዘውሩን የሚያዞረው የቆዳ ቀበቶ፣ ተንሸራቶ ከሆነ ደግሞ ቆዳው ረዝሟል። ሽቦውን ፈታችሁ ከጫፉ ትንሽ ቆርጣችሁ መልሳችሁ ማያያዝ ነው።

መርፌ ይሰብራል።

ጨርቁን ከኋላ መጎተት ተዉ። መጎተት የመኪናዋ ሥራ ነው፣ የእናንተ ሥራ መምራት ብቻ ነው። ስትጎትቱ መርፌዋ ትለመጥና ብረት ትመታለች።

የጂንስ ሱሪ እግር ስታጥፉ ደግሞ የጎን ስፌቱ ላይ ስትደርሱ ጨርቁ ድንገት እጥፍ ድርብ ይሆናል። መጫኛ እግሯ ተራራ እንደምትወጣ ሽቅብ ትቀናለች፣ መርፌዋም ትሰበራለች። ያን ጊዜ ቁራጭ ጂንስ አጥፋችሁ ከእግሯ ኋላ ከሥር አስገቡላት፤ ትስተካከላለች። ያንን ቦታ በሞተር አትለፉት፣ በእጃችሁ እያዞራችሁ እለፉት።

የተሰበረውን ቁራጭ ሳታገኙ መስፋት አትቀጥሉ። ወይ መንጠቆው ሥር ይገባል፣ ወይ የሕፃን ልብስ ውስጥ ይቀራል።

ጨርቁ አይሄድም፣ አንድ ቦታ ትወጋለች።

መጫኛ እግሯ ወርዳለች? የስፌት ርዝመቱ 0 ላይ አይደለም? ለጥልፍ ብላችሁ ጨርቁን ከሥር የሚስቡትን ጥርሶች ዝቅ አድርጋችሁ ረስታችሁ አይደል? ሦስቱም ካልሆኑ የብረት ሳህኑን ፍቱት። በጥርሶቹ መሃል እንደ ብርድ ልብስ የተጋገረ ብናኝ ታገኛላችሁ። በመርፌ ጫፍ አውጡት።

ሽፎንና የሐበሻ ቀሚስ ላይ ስፌቱ ይሸበሸባል።

ሳሳ ያለ ጨርቅ ላይ ሦስት ነገር ቀንሱ፦ የመርፌውን ቁጥር፣ የላይኛውን ጥብቀት፣ የመጫኛ እግሯን ግፊት። የስፌቱ ርዝመት 2 ወይም 2.5 ሚሊሜትር ይሁን። ይህም ካልሠራ ከጨርቁ ሥር ስስ ወረቀት አድርጋችሁ አብራችሁ ስፉ። ስትጨርሱ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ ቅደዱት። ጋዜጣ አታድርጉ፤ ቀለሙ ነጭ ሸማ ላይ ይቀራል።

የሐበሻ ቀሚስ የራሱ ጠባይ አለው። ጥበቡ ድፍን ነው፣ የቀረው ሸማ ስስ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰፉ እኩል አይሄዱም። ምክንያቱም ጥርሶቹ የሚስቡት የታችኛውን ጨርቅ ነው፤ ላይኛው በመጫኛ እግሯ እየተያዘ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የሚለጠጠውን፣ ሰፋ የሚለውን ከታች አድርጉት። ጥበቡ ከላይ ይሁን። መጀመሪያ በእጅ ጠልፋችሁ ያዝ አድርጉት። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከመተርተር ይሻላል። ሸማ ተሰፍቶ ሲተረተር ቀዳዳው ይታወቃል።

በዚያ ላይ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ብናኙ ብዙ ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉ ሰፊዎችን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። ፈትል ስትሰፉ ቦቢን በቀየራችሁ ቁጥር ብሩሽ ይዛችሁ ጥረጉ።

ምን ዘይት ላድርግ?

የስፌት መኪና ዘይት። ውሃ የሚመስለውን፣ ቀጭኑን። የምግብ ዘይት በጭራሽ! ሲቆይ እንደ ሙጫ ይደርቅና መኪናዋን ያስራታል። የተሽከርካሪ ሞተር ዘይትም ይወፍርባታል።

ቀድሞውኑ የምግብ ዘይት ተደርጎባት የታሰረች ከሆነ ላምባ በየቀዳዳው ጠብ አድርጉ፣ ሌሊቱን ተዉት፣ ጠዋት በእጅ አዙሩ። ጥቁሩ ሲወጣ ጥረጉና ወዲያውኑ ትክክለኛውን ዘይት ጨምሩ፤ ላምባ ብቻውን ብረት ያደርቃል። ይህን ስታደርጉ እሳትና ሲጋራ አጠገባችሁ አይኑር። በየቀዳዳው አንድ ጠብታ ይበቃል። ከዚያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፍታችሁ ትርፉን አስወጡ፣ የደንበኛ ቀሚስ ላይ እንዳይወጣ። ዘይት አይፈልጉም የሚባሉ አዳዲስ የቤት መኪኖችም ስላሉ መመሪያውን እዩ።

እህቴ ከአሜሪካ መኪና ላከችልኝ። ሶኬት ላይ ልሰካት?

አቁሙ! የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። በቀጥታ ከሰካችኋት ሞተሩ ወይም ፔዳሉ ይቃጠላል። ከኋላዋ ወይም ከሥሯ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋታል። የትራንስፎርመሩ ዋት ጽሑፉ ላይ ካለው ዋት በደንብ ይብለጥ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ግን መሰኪያውን ብቻ አስተካክሉ። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ቮልቱ ይስማማል፤ ችግሩ የሶኬቱ ጥርስ ብቻ ነው።

መቼ ነው ጠጋኝ ዘንድ የምወስዳት?

መዘውሩ በእጅ ሲዞር ከያዛት፣ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ ከተሰማ፣ ወይም በአዲስና በትክክለኛ መርፌም ከዘለለች ውሰዷት። ስትወስዱ ያስቸገራችሁን ጨርቅ ቁራጭና ክሩን ይዛችሁ ሂዱ። የተበላሸው ስፌት ጨርቁ ላይ እንዳለ ይሁን፤ አትተርትሩት። ጠጋኙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።